አምስት ሆኖ መጫወት ሥራ ሲሆን፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ወር ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ። እንደ ዶታ 2፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስና ሞባይል ሌጀንድስ ያሉ፣ አምስት ለአምስት የሚገጠሙ የስልት ጨዋታዎችን መተዳደሪያ ማድረግ ይቻላል ወይ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዣዥሞቹን አሳጥረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጌም ቤት ይገባል፤ ማታ ደግሞ በስልኩ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጫወታል። ስቆጣው «ይሄ ሥራ ነው፣ ውጭ አገር ሚሊዮን ያስገኛል» ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ እያታለለኝ ነው? (አንድ እናት፣ ከኮቺ)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። እ.ኤ.አ. በ2021 ቡካሬስት ላይ በተካሄደው ትልቁ የዶታ 2 ውድድር፣ ዘ ኢንተርናሽናል፣ ጠቅላላው ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ያሸነፈው ቲም ስፒሪት የተባለው ቡድን ከ18 ሚሊዮን በላይ ወስዷል። ያልነገረዎት ቀሪው ግማሽ ይህ ነው፦ ያ ገንዘብ በአብዛኛው ተጫዋቹ ሕዝብ በጨዋታው ውስጥ ከሚገዛው ዕቃ ተቆርጦ የተዋጣ ነበር። የዶታ ባለቤት የሆነው ቫልቭ ኩባንያ አሠራሩን ሲለውጥ በ2023 ሽልማቱ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚለዋወጥ ገቢ ላይ አንድ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ እንዲቆም አንመክርም።

ልጅዎ እየተማረ ነው ወይስ እየተዝናና ብቻ የሚለውን ለመለየት ጨዋታውን ማወቅ አያስፈልግዎትም። ማታ ሲመጣ «ዛሬ ለምን ተሸነፍክ?» ብለው ይጠይቁት። በየቀኑ «አብረውኝ የነበሩት አይረቡም» የሚል ከሆነ እየተዝናና ነው። «በ14ኛው ደቂቃ ብቻዬን መሄድ አልነበረብኝም» ካለዎት ግን ሥራውን ጀምሮታል። ይህን ጥያቄ ለአንድ ወር ይጠይቁት፤ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተዋዋሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ አራት አራት ሰዓት ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ስልኩ ከመኝታው ርቆ ቻርጅ ላይ ይዋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ጨዋታውም ይበላሻል፤ እጁ ይዘገያል፣ በሆነው ባልሆነው ይቆጣል። መለኪያም ያስቀምጡለት። በዶታ 2 የመጨረሻው ደረጃ፣ ኢሞርታል፣ 5,620 ነጥብ አካባቢ ይጀምራል። ከዚያ በታች ሆኖ ስለ ደመወዝ ማውራት ገና ነው፤ ከዚያ በላይም ገና መግቢያው በር ላይ ነው። በሞባይል ሌጀንድስ ደግሞ ሚቲክ ደረስኩ ቢልዎት እንኳን ደስ አለህ ይበሉት እንጂ እንደ ሥራ ማስረጃ አይቁጠሩት። ብዙ ሰው ይደርስበታል። ከዚያ ወዲያ 100 ኮከብ መሰብሰብ ነው የሚለየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዓመት ሲመጣ ግን የቡድን ልምምዱ ይቁም። ጨዋታው የትም አይሄድበትም፤ ፈተናው ግን ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ዶታ 2 በላፕቶፕ እጫወታለሁ። ማታ ማታ በጣም ላግ ያደርጋል፣ ይዘገያል። አዲስ አበባ ብሆን ይሻለኝ ነበር? መብራት ሲጠፋስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። መረጃ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 3.5 ሚሊ ሰከንድ። ይህን የሰው እጅ አያውቀውም፤ ስለዚህ ጅማ መሆንህ ጥፋቱ አይደለም። ለእኛ የሚቀርበው የዶታ ሰርቨር (ጨዋታው የሚካሄድበት ኮምፒውተር) ዱባይ ያለው ነው። ከአዲስ አበባ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ25 ሚሊ ሰከንድ አይወርድም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር ደርሶ ነው የሚዞረው። በስክሪንህ ላይ የምታየው ቁጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ ቢሆን አይግረምህ።

ላጉ ማታ ብቻ ከሆነ ግን ርቀቱን አትውቀስ፤ ርቀት ቀንና ማታ አይለይም። ከአንተ እስከ ማማው ወይም እስከ ግቢው ዋይፋይ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ብዙ ሰው ተጨናንቋል ማለት ነው። ይህን በግምት አትተወው። በጨዋታው ቅንብር ውስጥ የኔትወርክ መረጃ የሚያሳየውን አብራና ለሦስት ቀን ጠዋት፣ ከሰዓት እና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ቁጥር መዝግብ፦ ፒንጉን (መረጃው ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ሚሊ ሰከንድ) እና የጠፋውን ፓኬት (በመንገድ የቀረውን የመረጃ ቁራጭ)። ፒንጉ 120 ላይ ቆሞ የማይነቃነቅ ከሆነ እጅህ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ከ70 ወደ 250 እየዘለለ የሚመለስ ከሆነ ግን አይለመድም፤ ምክንያቱም ጣትህ የሚጠብቀው ጊዜ በየሰከንዱ ይለወጣል። የሚጠፋው ፓኬት ከ1 በመቶ ካለፈ በዚያ ሰዓት ራንክ (ደረጃ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ግጥሚያ) አትግባ፤ ሪፕሌይ (የተጫወትከውን ግጥሚያ ቅጂ) እያየህ አምሽ።

መፍትሔውን ከቀላሉ ጀምር። ስልክህን ሆትስፖት የምታደርግ ከሆነ በዋይፋይ ሳይሆን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው፤ ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጠው። ሰርቨር ስትመርጥ ጨዋታው ራሱ እንዲመርጥልህ አትተወው፤ ዱባይን ብቻ ምልክት አድርግ። ግጥሚያ ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ትጠብቃለህ፤ ግን አውሮፓ ወስዶ አይጥልህም። ስቲም (ዶታን የሚያወርደውና የሚከፍተው ፕሮግራም) በጨዋታ መሐል አዲስ ነገር እንዳያወርድ ዝጋው፤ ማውረዱን ወደ ንጋት አዙረው።

ፓኬጅ እንዳይበላህ አንድ ነገር እወቅ። ዶታ 2 ዲስክ ላይ 60 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በዳታ ማውረድ አያስፈልግህም። ከጓደኛህ ላይ የጨዋታውን ማህደር በሃርድ ዲስክ ገልብጠህ በራስህ ስቲም ውስጥ በዚያው ቦታ አስቀምጥ፤ ከዚያ «ጫን» በለው። ስቲም ያለውን ይመረምርና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ማውረድ አስጀምሮ በላዩ ላይ ሲገለብጥ ነው፤ ያኔ ፋይሎቹ ይምታቱና እንደገና ከመጀመሪያው ይሄዳል።

ስለ መብራት፦ ላፕቶፕ ስላለህ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስህ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ መሣሪያ) ነው። መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚሞተው ራውተሩ ነው፤ ለእሱ ባለ 12 ቮልት ትንሿ የራውተር ዩፒኤስ ትበቃዋለች። አንድ ግጥሚያ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ ባትሪህ ይህን ያህል መቻሉን በልምምድ ግጥሚያ ሞክረው። ግራፊኩን ዝቅ አድርግ፤ ፍሬሙን በሰከንድ 60 ላይ ገድበው። ዴስክቶፕ ላላቸው ግን እንንገራቸው፦ ኮምፒውተርና ስክሪኑ አንድ ላይ 300 ዋት ቢወስዱ፣ ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያቆያቸው። ፖዝ ጠይቆ ለጓደኞች ለማሳወቅ ይበቃል፣ ግጥሚያ ለመጨረስ አይበቃም። በራንክ ግጥሚያ ከ5 ደቂቃ በላይ ተቋርጦ የቀረ እንደ ሸሸ ይቆጠርበትና ከሌሎች ተቀጪዎች ጋር ብቻ ወደሚጫወትበት የቅጣት ሰልፍ ይገባል። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ራንክ አለመጀመር ነው የሚሻለው። መብረቅ ሲጀምር ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከግድግዳው ንቀለው።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን፣ የፈረንጅ አራዳ ልጆች። በየቀኑ አብረን እንጫወታለን፤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ደረጃ ፈቀቅ አላልንም። ምን እንሥራ?

መልስ፦ በየቀኑ መጫወታችሁ ነው ያቆማችሁ። ስታሸንፉ ወደሚቀጥለው፣ ስትሸነፉም ወደሚቀጥለው። መሐል ላይ የሚማር ሰው የለም።

መጀመሪያ ቦታ ያዙ። በዶታ ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ፦ ወርቁን ሰብስቦ መጨረሻ ላይ የሚገድለው ኬሪ 1፣ መካከለኛው መስመር ሚድ 2፣ አስቸጋሪውን መስመር የሚይዘው ኦፍሌን 3፣ እየዞረ የሚረዳው 4፣ ያለውን ሁሉ ለሌላው የሚሰጠው ሰፖርት 5። ለሦስት ወር ማንም ቦታውን አይቀይር። እያንዳንዱ በቦታው ሦስት ሂሮ (የሚጫወትበት ገጸ ባሕርይ) ብቻ ይያዝ። ጓደኛሞች ቡድን የሚፈርስባቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ኬሪ መሆን ይፈልጋል። 5 ቁጥርን የሚወድ ልጅ ካላችሁ ያዙት፤ ካፒቴንም እሱ ይሁን። እጁ ሥራ ስለማይበዛበት ካርታውን ለማየት ጊዜ አለው፤ ፒንጉ ከፍ ያለበት ልጅም ከሚድ ይልቅ እዚህ ቦታ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ በሳምንት ሦስት ማታ ብቻ አምስታችሁ ተጫወቱ፤ በአንድ ማታ ከሁለት ግጥሚያ አትለፉ። በየግጥሚያው መሐል 20 ደቂቃ ሪፕሌይ እዩ። ሌሎቹን ቀናት ለየብቻ ሥሩ። ለምሳሌ 1 እና 2 ቁጥር የሆኑት በጨዋታው ውስጥ ባዶ ክፍል (ተቃዋሚ የሌለበት ግጥሚያ) ከፍተው ለ10 ደቂቃ ክሪፕ (ጨዋታው ራሱ የሚያወጣቸውን፣ ሲገደሉ ወርቅ የሚሰጡ ትንንሽ ወታደሮች) ብቻ ይግደሉ። ክሪፕ በየ30 ሰከንዱ አራት አራት ሆኖ ስለሚወጣ በ10 ደቂቃ 80 ያህል ይወጣል። ተቃዋሚ ሳይኖር ከ60 በታች የሚመታ ሰው ችግሩ ስልት አይደለም፣ እጁ ነው። ያለ ምንም ዕቃ 70 እስኪደርስ በየቀኑ ሁለት ዙር ይሥራ።

ሪፕሌይ የሚታየው እንዲህ ነው። የተሸነፋችሁበትን ክፈቱና የእያንዳንዱን ሰው ሞት ብቻ ተከተሉ። 5 ቁጥራችሁ በ14ኛው ደቂቃ ሞተ እንበል። ከመሞቱ 10 ሰከንድ በፊት ወደኋላ መልሱና አቁሙት። ካርታው ላይ ስንት ተቃዋሚ ይታያል? ሁለት። ሦስቱ የሉም። እሱ ግን ዋርድ (ካርታውን የሚያሳይ ዕቃ) ሊተክል ብቻውን ጫካቸው ውስጥ ገብቷል። አሁን የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠይቁ፦ ያኔ የቀሩት አራታችሁ ምን ታዩ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ሦስቱ መጥፋታቸውን አይቷል፣ ግን አልተናገረም። ስለዚህ ሞቱ የ5 ቁጥሩ ብቻ አይደለም። በደብተር ላይ ደቂቃውን፣ ቦታውንና ማን ዝም እንዳለ ጻፉ። አሥር ግጥሚያ ስትጽፉ ስህተታችሁ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ እየተደጋገመ ነው እንጂ ብዙ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አነጋገራችሁን አስተካክሉ። ጅማ ላይ ስናወራ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን ነው፤ በጨዋታ መሐል ግን ለአንድ ነገር አንድ ቃል ብቻ ይኑራችሁ፣ ከየትኛውም ቋንቋ ይሁን። «ኧረ ምን ሆነሃል፣ አታይም እንዴ!» የሚል ሰው ምንም አልነገራችሁም። «ሚድ ጠፋ፣ ወደ ታች» የሚለው ሦስት ሰው ያድናል። ወቀሳ ሁሉ ለሪፕሌዩ ይቆይ። ወደ ውጭ ቡድን የመሄድ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ በሳምንት አንዱን ማታ በእንግሊዝኛ ብቻ እየተነጋገራችሁ ተጫወቱ።

አራተኛ፣ ሰዓት የሚቆጥር ሰው መድቡ። ሮሻን (በካርታው ላይ ያለው ትልቁ አውሬ) በ21ኛው ደቂቃ ከተገደለ የሚመለሰው ከ29 እስከ 32ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከእሱ የሚገኘው ኤጂስ (የሞተን አንድ ጊዜ የሚያስነሣ ዕቃ) ደግሞ 26ኛው ደቂቃ ላይ ያበቃል። ተቃዋሚያችሁ ኤጂስ ይዞ ሲመጣ ለአምስት ደቂቃ ሸሽታችሁ ማቆየት ከቻላችሁ፣ ያለ ውጊያ አከሸፋችሁት ማለት ነው። ዋርድ 6 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ባይባክ ያደረገ (ሞቶ ወርቅ ከፍሎ ወዲያው የተመለሰ) ሰው 8 ደቂቃ ድረስ መድገም አይችልም። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ከስክሪኑ ሥር በወረቀት ለጥፉት።

ይህን ስድስት ወር ከሠራችሁ ክፍት ማጣሪያዎች ላይ ተመዝገቡ። ዘ ኢንተርናሽናል ለአፍሪካ ብቻ የለየው ቦታ ስለሌለው ከጠነከሩ የአውሮፓ ቡድኖች ጋር ነው የምትገናኙት፤ በመጀመሪያው ዙር ልትወድቁ ትችላላችሁ። ቢሆንም በአንድ ሽንፈት የምታገኙት ሪፕሌይ ጌም ቤት ውስጥ ከምታገኙት ሃያ ድል ይበልጣል። በአገር ደረጃ ደግሞ የዓለም አቀፉ ኢስፖርት ፌዴሬሽን ሻምፒዮና ላይ የሚኬደው በየአገሩ አባል ማኅበር በኩል ስለሆነ ፓስፖርታችሁን ቀድማችሁ አውጡ። ጥሪው ከመጣ በኋላ ለቪዛ ጊዜ አይተርፍም።

ጥያቄ፦ በራሳችን ግጥሚያ ላይ ብንቆምር፣ እንሸነፋለን ብለንም ቢሆን፣ ማን ያውቅብናል? (ከአጂፕ)

መልስ፦ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ሩሲያዊ የዶታ ተጫዋች የራሱ ቡድን እንዲሸነፍ 100 ዶላር አስይዞ 322 ዶላር አገኘ። ተደረሰበት፣ ታገደ። እስከ ዛሬ የዶታ ሰው ሁሉ ሆን ብሎ የተሸነፈን «322» ነው የሚለው። በራሳችሁ ግጥሚያ ላይ፣ እናሸንፋለን ብላችሁም ቢሆን፣ አትቆምሩ። ደረጃ አስጨምሮ አካውንት መሸጥም ከዚሁ ወገን ነው። በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ቫልቭ 90,000 ሁለተኛ አካውንቶችን (እውነተኛ ደረጃን ደብቆ ከደካሞች ጋር ለመጫወት የሚከፈቱትን) ዘግቷል፤ ዋናዎቹ አካውንቶችም ከቅጣት ነፃ እንዳልሆኑ አስታውቋል።

ጥያቄ፦ በቀን ስድስት ሰዓት በስልክ ሞባይል ሌጀንድስ እጫወታለሁ። አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል፤ ጠዋት ስነሳ እጄ ይደነዝዛል። ሌሊት ለመንቃት ጫት እቅማለሁ። ሙያዬ ሊሆን ነው ብዬ ስለማስብ ማቆም አልፈልግም።

መልስ፦ ሙያህ እንዲሆን ከፈለግህ መጀመሪያ እጅህን አድን። በዚህ ሙያ ስንብት በእጅ ነው የሚመጣው። ቻይናዊው ኡዚ፣ በሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ስሙ የገነነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በ23 ዓመቱ ሲሰናበት ምክንያቱ የስኳር ሕመምና የእጅ ጉዳት ነበር።

ይህን ሞክር። አውራ ጣትህን በመዳፍህ ውስጥ አጥፈህ ጨብጥ፤ ከዚያ የእጅህን አንጓ ቀስ ብለህ ወደ ትንሿ ጣት ጎንበስ አድርግ። በአውራ ጣቱ ሥር እንደ ቢላ ከወጋህ የጅማቱ ሽፋን ሳይቆጣ አልቀረም፤ ስልክ በሁለት አውራ ጣት የሚጫወት ሰው ላይ ይበዛል። ድንዛዜው ደግሞ በየትኛው ጣት እንደሆነ ለይ። አውራ፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከሆኑ አንጓህ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል፤ ትንሿና የቀለበት ጣት ከሆኑ ችግሩ ብዙ ጊዜ ክርንህ ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ከስልኩ አርፈህ ካልተሻለህ፣ ወይም ብርጭቆ ከእጅህ መውደቅ ከጀመረ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂድ። «ይተወኛል» እያሉ አንድ ዓመት የጠበቁበት ድንዛዜ አንዳንዴ ጭራሽ አይተውም።

ስትመለስ በ45 ደቂቃ አንዴ ተነሥ። ስልኩን አቀርቅረህ ጉልበትህ ላይ አታድርገው፤ ጠረጴዛ ላይ ክርንህን አስደግፈህ ወደ ዓይንህ አቅርበው። የጅማ በርጩማ ለቡና የተሠራች ውብ ዕቃ ናት፤ መደገፊያ ስለሌላት ግን ለአራት ሰዓት ጨዋታ አትሆንም። መደገፊያ ያለው ተራ የእንጨት ወንበርና ከወገብህ ኋላ የታጠፈ ጋቢ ይበልጥልሃል።

ስለ ጫቱ በግልጽ እንነጋገር። ምርቃናው ላይ ሳለህ የፈጠንክ ይመስልሃል፤ እንቅልፍህን ግን ይወስደዋል፣ በማግስቱ ዱካኩ ይመጣል፣ የዚያን ቀን ጨዋታህ ይበላሻል። ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር እወቅ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፤ ይህን ደንብ የተቀበለ ውድድር ላይ ምርመራ ሊያስወድቅህ ይችላል። ውድድሮቹ የሚካሄዱባቸው እንደ ሳዑዲ አረቢያና አሜሪካ ያሉ አገሮችም ጫትን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚያዩት። በሻንጣህ ውስጥ የተረሳ አንድ ዙርባ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስር ቤት ሊወስድህ ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ የውጭ ቡድን በቴሌግራም አናገረኝ። በወር 400 ዶላር እንከፍልሃለን፣ መጀመሪያ 5,000 ብር የምዝገባ ላክ፣ የአካውንትህንም የይለፍ ቃል ስጠን አሉኝ። ዕድሜዬ 17 ነው። ልፈርም? (ከጅሬን)

መልስ፦ አትላክ፣ አትስጥ። ተጫዋች የሚፈልግ ቡድን ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ደግሞ የሚፈልገው አንተን ሳይሆን አካውንትህን ነው። እውነተኛ ቡድን በልምምድ ግጥሚያ ይፈትንሃል፣ በቪዲዮ ያናግርሃል፣ ውሉን በጽሑፍ ይልክልሃል።

አንድ ቀን እውነተኛው ሲመጣ እነዚህን ፈልግ። የውሉ ዘመን፤ ለመጀመሪያው ከአንድ ዓመት ባይበልጥ ይሻላል። ደመወዙ በወሩ ስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ቢዘገይ መልቀቅ እንደምትችል። ከሽልማት የቡድኑ ድርሻ፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፣ የሚቆረጠው ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ይጻፍ። ሌላ ቡድን ቢፈልግህ ለመልቀቂያ የሚከፈለው ዋጋ፤ ልጆች ሳያነቡት የሚያልፉት ይህን ነው። ደመወዝህ በወር 400 ዶላር ሆኖ የመልቀቂያ ዋጋህ 50,000 ከተባለ የሚገዛህ አይኖርም፣ ታስረህ ትቀራለህ። 18 ዓመት ስላልሞላህ ደግሞ ያለ ወላጅህ ወይም ያለ አሳዳጊህ ፊርማ ውሉ አይጸናም፤ አባትህን ወይም እናትህን አጠገብህ አስቀምጠህ አንብበው።

ገንዘቡ ጅማ እንዲደርስ ከሁሉ በፊት ስምህን አስተካክል። በፓስፖርትህ፣ በባንክ ደብተርህና በውሉ ላይ ሦስቱም ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆሄ ይኑረው። አንዱ ጋ አንድ ፊደል ቢደረብ፣ ሌላው ጋ የአያት ስም ቢቀር፣ ባንኩ ይመልሰዋል፤ ሲመለስም የመላኪያው ዋጋ ከአንተ ይቆረጣል። ባንክህ ሄደህ የስዊፍት ኮዱንና የቅርንጫፉን ሙሉ ስም አጽፈህ በማኅተም ያዝ። የውድድር ሽልማት ብዙ ወር ሊዘገይ ስለሚችል፣ ያሸነፍክበትን ቀን፣ የውድድሩን ስምና የደረሰህን ድርሻ ጽፈህ አስቀምጥ፤ በውሉ ላይ የተቀመጠው ቀን ሲያልፍ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቅ።